የጥቅምት ሰማይ ቆጣሪ ይፈልጋል

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቀን ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ቆሜ ነበር። 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። የማለዳው ብርድ ለቋል፣ ፀሐይዋ ኮንክሪቱን ማሞቅ ጀምራለች። ከእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ዛፎች በላይ አሞራዎች ይዞራሉ። አብዛኞቹ የሰፈሩ ናቸው፣ ሁልጊዜም አያቸዋለሁ። ከእነሱ በጣም ከፍ ብለው ግን ሌሎች ነበሩ። ክንፋቸውን ዘርግተው፣ አንዴም ሳያርገበግቡ፣ አንዱ ከሌላው ኋላ ወደ ደቡብ ይንሸራተታሉ። ዘጠኝ ቆጠርኩ።

ቢኖኩላሩን ከዓይኔ ሳላወርድ ከጎኔ ድምፅ ሰማሁ።

«ልጄ፣ ምንድን ነው እንዲህ አተኩረህ የምታየው?»

የጥበቃ ሠራተኛ ናቸው። በዕድሜ አባቴን ያህላሉ።

«አሞራ ነው ጋሼ። እየቆጠርኩ ነው።»

«አሞራ?» ሰማዩን አዩ፣ መልሰው እኔን አዩ። «ለማን ነው የምትቆጥረው?»

የማንም ተቀጣሪ እንዳልሆንኩ፣ በራሴ ፍላጎት እንደምቆጥር ነገርኳቸው። ቢኖኩላሩንም ሰጠኋቸው። እስኪለምዱት ትንሽ ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ ዝም አሉ። «ይሄ ጭላት አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «የጭላት ጅራቱ ስንጥቅ ነው። ይሄ ጅራቱ ድፍን ነው። ክንፉም ሰፊ ነው።» አገር ቤት ልጅ ሆነው ጫጩት ሲጠብቁ የተማሩት ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ አንድ ጀማሪ ቆጣሪ በሳምንት የሚማረውን ነገሩኝ።

ጥያቄያቸው ግን እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ለማን ነው የሚቆጠረው? ደግሞስ አሞራ መቁጠር ሥራ ነው? አዎ፣ ሥራ ነው። በሌሎች አገሮች ወቅቱን ጠብቆ የሚከፈት፣ ክፍያ ያለው ሥራ ነው። ብዙ ጊዜም ከተፈጥሮ አስተማሪነት ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። አዲስ አበባም ይህን ሥራ መክፈት አለባት ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ከሰማዩ ልጀምር። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ከአውሮፓና ከእስያ የሚነሱ አዳኝ አሞራዎች ወደ አፍሪካ ይወርዳሉ። ትልልቆች ናቸው። ከሩሲያና ከካዛክስታን ሜዳዎች የሚመጣው የስቴፕ ንስር ክንፉን ሲዘረጋ 2 ሜትር ገደማ ይሆናል። እንዲህ ያለ አካል ክንፍ እያርገበገበ አህጉር ላቋርጥ ቢል ጉልበቱ መንገድ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ፀሐይ ያሞቀችው መሬት ወደ ላይ የሚልከውን ሞቃት አየር ይሳፈራል። እየዞረ ይወጣል። ጫፉ ላይ ሲደርስ ክንፉን ዘርግቶ ወደሚቀጥለው ሞቃት አየር ይንሸራተታል። እንዲህ እያለ ነው አገር የሚያልፈው።

ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር እምብዛም አይገኝም። በዚህ ምክንያት አሞራዎቹ ባሕር ሲያጋጥማቸው ጠባቡን መሻገሪያ ይፈልጋሉ። አንዱ መሻገሪያ እዚሁ ጎረቤታችን ጋ ነው። ባብ ኤል መንደብ የመንንና ጅቡቲን የሚለይ ወሽመጥ ነው፣ ስፋቱም 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ከጥቅምት እስከ ኅዳር ባሉት 5 ሳምንታት ገደማ ጅቡቲ በኩል የተቀመጡ ቆጣሪዎች ከ246 ሺህ በላይ አዳኝ አሞራዎች ሲሻገሩ መዝግበዋል። ከእነሱ ብዙዎቹ የስቴፕ ንስሮችና ባዛርድ የሚባሉት መካከለኛ አሞራዎች ነበሩ። ጅቡቲን አልፈው ወዴት ይገባሉ? ወደ እኛ ነዋ! አፋርን ተሻግረው ስምጥ ሸለቆውንና ደጋውን ይይዛሉ። ገሚሶቹ በጋውን እዚሁ ያሳልፋሉ፣ ገሚሶቹ ወደ ደቡብ ይቀጥላሉ። የካቲትና መጋቢት ላይ ደግሞ ወደ ሰሜን ይመለሳሉ።

ይህ የስምጥ ሸለቆና የቀይ ባሕር መስመር በዓለም ላይ ለእንዲህ ዓይነት አየር ላይ ተንሳፋፊ ወፎች በአስፈላጊነቱ ሁለተኛ ደረጃ ይሰጠዋል። 37 ዝርያዎችና ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ወፎች በዓመት ሁለት ጊዜ ያልፉበታል።

እኛ ስለ ወቅት ወፍ ስናስብ ቶሎ የሚመጣልን የመስቀል ወፍ ነው። አደይ አበባና የመስቀል ወፍ ቀጠሮ አላቸው እንላለን። ነገር ግን የመስቀል ወፍ እያልን የምንጠራቸው ትንንሽ ወፎች ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ናቸው። ከዝናቡ ጋር ወንዶቹ ላባቸውን ስለሚቀይሩ ነው አዲስ እንግዳ የሚመስሉን። እውነተኞቹ የሩቅ አገር እንግዶች ከመስቀል ጥቂት ቆይተው፣ በጥቅምት፣ በጭንቅላታችን ላይ ያልፋሉ። እነሱን የሚያይ የለም።

አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ። አዲስ አበባ ጅቡቲ አይደለችም። እዚህ አሞራዎቹ በጠባብ በር አይጨመቁም፣ በሰፊው ተበትነው ነው የሚያልፉት። በጆርጂያ ባቱሚ ከተማ አጠገብ በአንድ ወቅት ከአንድ ሚሊዮን በላይ አሞራ ይቆጠራል። እዚህ ያንን የሚጠብቅ ሰው በሁለተኛው ቀን ቢኖኩላሩን ጠቅልሎ ቤቱ ይገባል። እኛ ጋ ያለው ሌላ ነው። እንጦጦ አለ፣ ነፋስ ተራራውን ሲመታ ወደ ላይ ይገፋል፣ አሞራዎቹም ይጠቀሙበታል። ከተማዋ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ከሁሉም በላይ ከሥሩ ሚሊዮኖች የሚኖሩበት ሰማይ ነው። የዱር ንስር በትምህርት ቤት ግቢ ላይ ሲያልፍ ለተማሪ ማሳየት የሚቻልባቸው ዋና ከተሞች ብዙ አይደሉም።

እንግዲህ ወደ አቆጣጠሩ ልግባ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ሰማይ ላይ ያለን አሞራ እንዴት ትቆጥረዋለህ? አንዱን ሁለቴ ብትቆጥረውስ?» ይሉኛል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አሞራዎች በሞቃት አየር ውስጥ ሲዞሩ እንደሚፈላ ሽሮ ነው የሚታዩት። ከታች የነበረው ላይ ይሆናል፣ ከግራ የነበረው ቀኝ ይሄዳል። በዚያ ሰዓት መቁጠር ከንቱ ድካም ነው። ቆጣሪው ይጠብቃል። ጫፉ ላይ ደርሰው አንድ በአንድ ወጥተው መንሸራተት ሲጀምሩ፣ ያኔ ልክ ከበር እንደሚወጣ ሰው ይቆጥራቸዋል። በአንድ እጁ አውራ ጣቱ የሚጫነው ትንሽ መቁጠሪያ አለ። ብዙ ከሆኑ አሥር በአሥር ይሄዳል። በየሰዓቱ ቅጹን ይሞላል። የነፋሱ አቅጣጫ፣ የደመናው መጠን፣ ስንት ሰው ይቆጥር እንደነበር ይጻፋል። ምንም ያላለፈበት ሰዓትም ዜሮ ተብሎ ይጻፋል። ዜሮው ካልተጻፈ በኋላ ሰው ይጥፋ አሞራ ይጥፋ አይታወቅም።

የአዲስ አበባ ቆጣሪ ተጨማሪ ራስ ምታት አለበት። ከተማዋ የራሷ ነዋሪ አሞራዎች ሞልተዋታል። ቄራ አካባቢ ጥንብ አንሳዎቹ አሉ፣ ገበያው ላይ ጭላቶቹ አሉ። ስለዚህ ነዋሪውን ከመንገደኛው መለየት ያስፈልጋል። ነዋሪው ይወርዳል፣ ይመለሳል፣ ዓይኑ መሬት ላይ ነው። መንገደኛው አንድ አቅጣጫ ይዟል፣ ወደኋላ አይልም። ይህን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል። እኔ የመጀመሪያውን ወቅት ያሳለፍኩት የሰፈር ጭላት እየቆጠርኩ ነው ማለት ይቻላል። ያንን ማስታወሻ ለምንም ነገር አልጠቀምበትም።

ስሙም ይቸግራል። በተለምዶ አነጋገራችን ሁሉም አሞራ ነው። ንስር፣ ጭልፊት፣ ጭላት፣ ጆፌ፣ ጥንብ አንሳ የሚሉ ጥሩ ቃላት አሉን፣ ግን ከአካባቢ አካባቢ ይለያያሉ። ከውጭ ለሚመጡት ለአብዛኞቹ የተለመደ የአማርኛ ስም የለም። ልጆች ፊት ቆሜ «ስቴፕ ንስር» ስል አንደኛዋ ተማሪ «ቲቸር፣ ስቴፕ ማለት ምንድን ነው?» አለችኝ። ዛፍ የሌለው ሰፊ የሣር ሜዳ ነው አልኳት። «ታዲያ የሜዳ ንስር አይባልም?» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆች ፊት የሜዳ ንስር ነው የምለው።

አሁን ወደ ጋሼ ጥያቄ ልመለስ። ለማን ነው የሚቆጠረው?

አሜሪካ ፔንስልቬንያ ውስጥ ሐውክ ማውንቴን የሚባል ተራራ አለ። ድሮ አዳኞች እዚያ ተሰብስበው የሚያልፉትን አሞራዎች ለጨዋታ ይተኩሱባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 ሮዛሊ ኤጅ የተባለች ሴት ቦታውን ያዘች፣ ተኩሱ ቆመ። በተኩሱ ፋንታ ቆጠራ ተጀመረ። በየዓመቱ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ወቅት ይቆጠራል። ለረጅም ጊዜ ቁጥሩ ብዙም ጥቅም ያለው አይመስልም ነበር። በኋላ ግን ባልድ ኢግል ከሚባሉት ንስሮች ወጣቶቹ በቆጠራው ላይ እየጠፉ መጡ። ትልልቆቹ ያልፋሉ፣ ልጆቻቸው የሉም። እ.ኤ.አ. በ1962 ራሼል ካርሰን የተባለች አሜሪካዊት ጸሐፊ ዲዲቲ ስለሚባለው የነፍሳት ማጥፊያ ጉዳት ስትጽፍ ከተጠቀመችባቸው ማስረጃዎች አንዱ ይህ ቁጥር ነበር። ዲዲቲ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1972 ታገደ።

ቆጠራ የሚጠቅመው እንዲህ ነው። አንድ ዓመት የቆጠርከው ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግርህም። ሃያ ዓመት ከቆጠርክ ግን ሌላ ሰው ያላየውን ታያለህ። የስቴፕ ንስር እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የመጥፋት አደጋ ከተደቀነባቸው ዝርያዎች ተመድቧል። የግብፅ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ እዚያው ምድብ ውስጥ ነው። ከቡልጋሪያ መከታተያ ታስሮላቸው የተለቀቁ የግብፅ ጥንብ አንሳዎች አፋር ድረስ መጥተው ሲከርሙ ታይተዋል። አውሮፓ ውስጥ ጎጆአቸውን የሚጠብቅላቸው ሰው አለ። አንዳንዶቹ ከዓመቱ በርካታ ወራትን የሚያሳልፉት ግን እኛ ጋ ነው። እኛ ጋ በየቀኑ የሚቆጥራቸው የለም።

«በጎ ፈቃደኞች ይሥሩት» የሚል መልስ ሁልጊዜ ይመጣል። በጎ ፈቃደኞችን አከብራለሁ፣ እኔም አንዱ ነኝ። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በዚህች ከተማ ብዙ ሰው ያፈራው በእንዲህ ዓይነት ሰዎች ትከሻ ነው። በየዓመቱ በጥር የሚካሄደው የውኃ ወፎች ቆጠራም በአብዛኛው በእነሱ ይሠራል። ሐይቅ ላይ ያለ ዳክዬ ግን ቅዳሜን ይጠብቅሃል። መንገደኛ አሞራ አይጠብቅም። ማክሰኞ ካለፈ አለፈ። ስለዚህ በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት የሚቆም ሰው ያስፈልጋል፣ ለ40 ወይም 50 ቀን ያህል። ያንን ሁሉ ቀን የትራንስፖርቱንም የምሳውንም ከኪሱ አውጥቶ የሚቆም ወጣት ማግኘት አይቻልም። ሊጠየቅም አይገባም።

ሁለተኛው የሥራው ግማሽ ማስተማር ነው። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ እንደ ኬፕ ሜይ ባሉ ቦታዎች ቆጣሪው አጠገብ ሌላ ሰው ይቆማል። ጎብኚ ሲመጣ እሱ ያስረዳል፣ ቆጣሪው ዓይኑን ከሰማይ አያነሳም። ሁለቱም ለወቅቱ ብቻ የሚቀጠሩ ናቸው። ብዙዎቹ በቅርብ የተመረቁ ወጣቶች ናቸው። እኔ አዲስ አበባ ላይ ቢጀመር ቆጣሪዎቹና አስተማሪዎቹ በየቀኑ ቦታ ቢለዋወጡ እመርጣለሁ። ቆጥሮ የማያውቅ አስተማሪ ከወረቀት ነው የሚያወራው። አስተምሮ የማያውቅ ቆጣሪ ደግሞ ቁጥሩን መሳቢያ ውስጥ ይቆልፍበታል።

የወቅቱ አቀማመጥ ለእኛ የተሰፋ ነው የሚመስለው። ትምህርት ቤቶች መስከረም ላይ ይከፈታሉ። ጥቅምት ላይ ክፍሎች ተረጋግተዋል፣ ፈተና ገና ነው፣ ዝናቡ ቆሟል። ብዙ ትምህርት ቤቶች የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አላቸው። ክበቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዓመቱን የሚያሳልፈው ችግኝ በመትከልና በሚኒ ሚዲያ ጽሑፍ በማንበብ ነው። አንድ ጠዋት ልጆቹን ሜዳ ላይ አስተኝቶ ሰማይ ማሳየት ምንም አያስወጣም። ሠርቼ አይቼዋለሁ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ይንጫጫሉ። ከዚያ አንዱ ያያል፣ «ያውና!» ይላል። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ልጅ ዝም ብሎ ወደ ላይ ያያል። ጥያቄዎቻቸው ግሩም ናቸው። ማታ የት ያድራል? ውኃ ይጠጣል? እናቱ አብራው ትመጣለች? ይህኛው ላይ መልሱ ራሱ ትምህርት ነው። ከብዙዎቹ ትልልቅ አሞራዎች ወጣቶቹ መንገዱን የሚማሩት ልምድ ያላቸውን ተከትለው ነው።

ቢኖኩላር ግን እዚህ ከተማ ውስጥ ቀላል ዕቃ አይደለም። ይህን ከተሞክሮ ነው የምናገረው። አራት ኪሎ ቤተ መንግሥት አለ። ወዳጅነት ፓርክና ሳይንስ ሙዚየም እዚያው አጠገብ ናቸው። መሃል ከተማ ላይ ቢኖኩላር ወደ ዓይንህ ስታነሳ ጥበቃ ቢመጣብህ አያስደንቅም፣ ሥራው ነው። ያለ ወረቀት የወጣሁበት ቀን አንድ ሰዓት ሙሉ ስጠየቅ ቆይቼ አውቃለሁ። በዚያች ሰዓት ምን እንዳለፈ እግዜር ይወቅ። ስለዚህ ሥራው ግለሰብ የሚወጣው አይደለም። ማኅተም ያለበት የድጋፍ ደብዳቤ፣ ባጅ፣ የታወቀ ቦታና የታወቀ ሰዓት ያስፈልገዋል። እንደኔ ቆጠራው እንጦጦ ላይ ቢሆን ይሻላል፣ አድማሱም ክፍት ነው። ማስተማሩ መሃል ከተማ መናፈሻዎች ውስጥ ይሁን፣ ሕዝቡ ያለው እዚያ ነውና። እዚያ ለልጆች ቢኖኩላር እንኳ አያስፈልግም። አራት ኪሎ ካምፓስ ውስጥ ያለው የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየምም ለዝናብ ቀን ጥሩ ክፍል ነው፣ በሰማይ ነጥብ የምትመስለውን ንስር ልጆች በቅርብ ያዩታል።

ገንዘቡስ ከየት ይምጣ? ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያቆመኝ። አገሪቱ ስንት ችግር እያለባት አሞራ ለሚቆጥር ይከፈል? ይሉኛል። የሚሉት ይገባኛል። ግን ይህ ቁጥር ለአሞራ ብቻ አይደለም።

የንፋስ ኃይልን እንይ። አሸጎዳ 120 ሜጋ ዋት ነው። አዳማ አንድና ሁለት በድምሩ 204 ሜጋ ዋት ናቸው። አይሻ ላይም አለ። ሌሎችም ይመጣሉ፣ መምጣታቸውም ጥሩ ነው። ጥሩ ነፋስ የሚገኝባቸው የተራራ ጫፎችና የስምጥ ሸለቆ ጠርዞች ግን አሞራዎቹም የሚወዷቸው ቦታዎች ናቸው። ግብፅ በስዊዝ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ባሉት ጣቢያዎቿ መፍትሔ አግኝታለች። የሠለጠኑ ግብፃውያን ታዛቢዎች በማለፊያው ወቅት ይቆማሉ። መንጋ ሲመጣ በሬዲዮ ይናገራሉ፣ አደጋው ላይ ያሉት ማሽኖች ለጥቂት ደቂቃ ይቆማሉ። መንጋው ሲያልፍ እንደገና ይነሳሉ። ለነዚያ ወጣቶች ይህ ደመወዝ ያለው የወቅት ሥራ ነው። እኛ ጋ ነገ እንዲህ ዓይነት ሰው ቢፈለግ ከየት ይመጣል? ቆጠራን በአንድ ሳምንት ሥልጠና አይማሩትም። እንጦጦ ላይ ሁለት ሦስት ወቅት የቆመ ወጣት ግን ዝግጁ ነው።

አቪዬሽኑም አለ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን የርግብ መንጋ ሞተሮቹ ውስጥ ገባ። አውሮፕላኑ ተመልሶ ሲያርፍ ተከሰከሰ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ያ በርግብ የደረሰ ነው። ንስር ከርግብ ብዙ እጥፍ ይከብዳል። አሁን ደግሞ አዲሱ ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ሐይቆቹ አካባቢ ነው የሚሄደው። በየትኛው ወር፣ በየትኛው ሰዓት፣ በምን ያህል ከፍታ ምን እንደሚያልፍ ማወቅ ቅንጦት አይደለም።

ስለዚህ እኔ የምለው ወጪውን ይህን ቁጥር የሚፈልጉት ይካፈሉት ነው። የኃይል ማመንጫውና አቪዬሽኑ ለቆጠራው ይክፈሉ። መግቢያ የሚያስከፍሉት መናፈሻዎች ለማስተማሩ ይክፈሉ። አራት ሰው ለሁለት ወር ማለት ለእንዲህ ዓይነት ተቋማት ትልቅ በጀት አይደለም። ባዮሎጂ ተመርቀው ሥራ ፈት የተቀመጡ ልጆች ደግሞ አውቃለሁ፣ እናንተም ታውቃላችሁ። የሁለት ወር ኮንትራት ኑሮ አይለውጥም፣ ያንን አላጋንንም። ግን ሲቪ ላይ የሚጻፍ የመጀመሪያ መስመር ነው።

የሚቀጥለው ጥቅምት ላይ መጀመር የሚፈልግ ካለ ደብዳቤውን ከሰኔ መጀመር አለበት። ነሐሴ ላይ የጀመረ በአዲስ ዓመትና በመስቀል መሃል ይያዝበታል፣ እኔ ሁለቴ ተይዞብኛል። ሁለት ቢኖኩላር፣ ሁለት መቁጠሪያ፣ ጥላ፣ አንድ ክምር ቅጽ ይበቃል። ቅጹን በአማርኛ አዘጋጅቼዋለሁ። የመጀመሪያው ዓምድ ሰዓት ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። ሁለተኛው የሜዳ ንስር ይላል።